ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ በቴሌግራምና በቲክቶክ ገዢ የሚያገኝበት መንገድ

ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ሱቅ የተከራየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምድር ላይ ያለ ሱቅ ኪራዩ አይቀመስም። ስለዚህ ጀማሪ ነጋዴ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አምስተኛ ፎቅ ላይ ይገባል። ኪራዩ ይቀንሳል፤ አላፊ አግዳሚውም አብሮ ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ሲቆም ደግሞ ደረጃውን የሚወጣው ቆርጦ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ለእንደዚህ ዓይነት ሱቅ ነው። ምሳሌ የማደርገው የሴቶች ጫማና ቦርሳ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ኬክ ለሚጋግር፣ ስልክ ለሚጠግን ወይም የሀበሻ ቀሚስ ለሚያሰፋም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ዕቃችሁን ስልኩ ላይ ያየ ሰው ሦስት ነገር ይፈራል። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ቢሆንስ? እዚያ ድረስ ሄጄ ዕቃው ባይኖርስ? ብር ልኬ ቢጠፉብኝስ? ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ፍርሃቶች ለመቀነስ ነው። እኔ በበኩሌ ብዙ ተከታይ ኖሮት ዋጋ ከሚደብቅ ቻናል፣ 400 ሰው ኖሮት ሁሉን በግልጽ የሚጽፈው የተሻለ ይሸጣል ባይ ነኝ።

1. ቻናሉን በሱቁ ስልክ ቁጥር ክፈቱ

በብዙ ሱቅ የቴሌግራም ቻናሉን የከፈተችው ሠራተኛዋ ናት፣ በራሷ ቁጥር። ሥራ ስትለቅ ቻናሉም አብሯት ይሄዳል። ክፋት ኖሮባት ላይሆን ይችላል፤ የቻናል ባለቤት የሚሆነው የከፈተው ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለሱቁ የራሱ ሲም ካርድ አውጡ። ቴሌግራሙን፣ ቲክቶኩንና ፌስቡኩን በዚያ ቁጥር ክፈቱ። ሠራተኛችሁን አድሚን አድርጓት። ፖስት ማድረግ ትችላለች፤ ባለቤትነቱ ግን ሱቁ ጋ ይቀራል።

ቻናሉ አስቀድሞ በሌላ ሰው ቁጥር ተከፍቶ ከሆነ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል። ለዚህ ግን ያ ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከመግቢያ ኮዱ በላይ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) አብርቶ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ሠራተኛዋ ልትለቅ ስትል በመጨረሻዋ ቀን ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። በሱቁ ስልክ ላይም ይህንኑ ማረጋገጫ አብሩ። በመልእክት የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ፣ «ከቴሌግራም ነኝ» ያለ ሰው ቢጠይቅም፣ ለማንም አትስጡ።

ስሙን በሁሉም ቦታ አንድ አድርጉት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ የማያምታታ ስም ምረጡ። ቀ፣ ጠ ወይም ጨ ያለበትን ስም አንዱ ሰው አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ፈልጎ ያጣችሁ ደንበኛ ደግሞ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሱቅ ያገኛል።

2. የትኛው ለምን እንደሚሆን ለዩ

ቲክቶክ የማያውቃችሁን ሰው ያመጣል። አንድ ቪዲዮ ተከታይ በሌለው መለያ ላይም ቢሆን ብዙ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል። ቴሌግራም ደግሞ የመጣውን ሰው ይይዛል። ዕቃ፣ ዋጋና ሳይዝ በቅደም ተከተል የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፌስቡክ ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ደንበኞችና ለሚከፈልበት ማስታወቂያ ይጠቅማል። ኢንስታግራም ልብስና ኬክ ላይ ያግዛል፤ ጊዜ ካላችሁ ጨምሩት። በአንድ ሰው አራቱንም እናዳርሳለን ብትሉ ግን አራቱም ይቀዘቅዛሉ። በሁለት ጀምሩ።

ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር የጻፈ ነጋዴ በቴክስትና በስልክ ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ ከእናንተ የገዛውን ሰው «አዲስ ዕቃ ሲገባ እንንገርዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ያለውን ስምና ቁጥር በደብተር ያዙ። የሚወደውንና የእግሩን ቁጥር ጎኑ ላይ ጻፉ። ይህን ደብተር የማንም ኩባንያ ውሳኔ አያጠፋውም።

3. ዋጋውን ጻፉ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ብዙ ገዢ ያባርራል። የሚጽፉት ምክንያት አላቸው። ተፎካካሪ እንዳያይ ነው ይላሉ፤ ተፎካካሪ ግን አንድ ልጅ ልኮ ማስጠየቅ ይችላል። ሰው ከጠየቀን እናሳምነዋለን የሚሉም አሉ። የሚጠይቀው ግን ከአሥሩ ስንቱ ነው? ብዙው ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ካልተጻፈ ውድ ነው ብሎ ይገምታል።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ እውነተኛ ችግር ነው። በተለይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይረጋም። ለዚህ መፍትሔው ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይጸናል» በሉ። ደንበኛው ይረዳችኋል፤ ቶሎ ለመምጣትም ምክንያት ይሆነዋል።

ፖስቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሴት የቆዳ ጫማ፣ ጥቁርና ቡናማ። ከ37 እስከ 40 አለ፤ 38 ቡናማው አልቋል። ዋጋ 3,200 ብር፣ ቁርጥ። ዋጋው እስከ ቅዳሜ ይጸናል። ፒያሳ፣ የሕንፃው ስም፣ 3ኛ ፎቅ፣ ሱቅ ቁጥር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። ስልክ ቁጥር።»

«38 ቡናማው አልቋል» የሚለውን ልብ በሉት። ያለቀውን የሚናገር ሱቅ፣ አለ ሲል ይታመናል። አንድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅም ፖስቱን ከፍታችሁ «አልቋል» ብላችሁ አርሙት። ለመከራከር ቦታ መተው የምትፈልጉ ካላችሁም ግልጽ አድርጉት፤ «መጠነኛ ቅናሽ አለ» በሉ። የመጨረሻውን ዋጋ ለሁሉም አንድ አድርጉ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጫማ በተለያየ ዋጋ እንደገዙ ካወቁ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ሱቁ ውስጥ የተለጠፈውንና ስልክ ላይ ያለውን ዋጋ አንድ ማድረግ ከብዙ ንትርክ ያድናል።

4. ዕቃውን ራሳችሁ አንሱት

ከቱርክ ወይም ከቻይና ገጽ የተወሰደ ፎቶ አትለጥፉ። ደንበኛ ያየውንና የመጣለትን ሲያነጻጽር ልዩነቱን ያያል። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የተከለከለ ነው።

ስቱዲዮ አያስፈልግም። የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የሱቁን አምፖል አጥፍታችሁ ዕቃውን መስኮት ወይም ኮሪደር ላይ ባለ የቀን ብርሃን አንሱ። አምፖል ቡናማውን ቀይ ያስመስለዋል። ከጀርባ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይኑር። ለጫማ አራት ፎቶ ይበቃል፦ ከጎን፣ ከላይ፣ ሶሉ፣ እና እግር ላይ ሆኖ። ለቦርሳ ውስጡን ከፍታችሁ አሳዩ፤ ስልክና ደብተር አስገብታችሁ ብታሳዩ መጠኑ ያለ ሜትር ይታወቃል። የሀበሻ ቀሚስ ከሆነ ጥለቱን በጣም አቅርባችሁ አንሱ፤ ገዢዋ የምታየው መጀመሪያ እሱን ነው። ጭረት ወይም ጉድለት ካለ እሱንም አሳዩ።

የደንበኛ ፊት ከመለጠፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

5. የመንገዱን ቪዲዮ ቅረጹ

ለፎቅ ሱቅ ከሁሉ የሚበልጠው ቪዲዮ ይህ ነው። ግን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አድራሻ የሚያገኘው በቤት ቁጥር አይደለም። «ጊዮርጊስን አልፈህ»፣ «ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት»፣ «ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ስትሄጂ በቀኝ» እንባባላለን። ከዚያም ሕንፃው ጋ ከደረሰ በኋላ ሌላ ችግር አለ። በር ሁለት ነው፣ ደረጃው ከኋላ ነው፣ ኮሪደሩ ይጠማዘዛል፣ ሱቁ ሁሉ ይመሳሰላል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ ከመንገዱ ላይ ሌላ ሱቅ ገብቶ ይገዛል። በፒያሳና በካሳንችስ ደግሞ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የድሮ ምልክት ተነሥቷል። «ከድሮው እንትን ጎን» ማለት ለወጣቱ ምንም አይነግረውም። አሁን የሚታየውን ምልክት ተጠቀሙ፤ ፒያሳ ላይ ለምሳሌ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለማንም አይጠፋም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንበኞቻችሁ ብዙውን ጊዜ ከሚወርዱበት የታክሲ ማቆሚያ ጀምሩ። ስልኩን አቁማችሁ ያዙ። ዞር ብላችሁ አንድ ትልቅ ምልክት አሳዩ። ከዚያ እየተራመዳችሁ ቅረጹ፤ መታጠፊያ ላይ ብቻ ቆም በሉ። የሕንፃው ስም የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ የምትገቡበትን በር፣ ደረጃውን፣ የፎቁን ቁጥር፣ በመጨረሻም የሱቁን በር አሳዩ። በር ላይ ሰው ሰላም ቢል ጥሩ ነው። ረጅሙን መንገድ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሁሉም ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በድምፅ ተናገሩ፤ በጽሑፍም «እዚህ ወደ ግራ» እያላችሁ ለጥፉበት። ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው።

ይህን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከላይ ስኩት፤ ቲክቶክ እስከ ሦስት ቪዲዮ ያሰካል። ቴሌግራም ላይም ፒን አድርጉት። «የት ናችሁ?» ላለ ሁሉ ይህንኑ ላኩ። ቀን ሙሉ በስልክ መንገድ ከማስረዳት ትገላገላላችሁ።

ጎግል ካርታ ላይም ሱቁን አስመዝግቡ። እዚህ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ካርታው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2፡30 የምትከፍቱ ከሆነ 8፡30 ብላችሁ አስገቡ። 2፡30 ካላችሁት ካርታው ሱቁ ሌሊት እንደሚከፈት ለዓለም ይናገራል። በቴሌግራም ፖስቱ በኋላ ራሱ እንዲወጣ ሰዓት ስትሞሉም እንዲሁ ነው፤ የስልኩ 20፡00 የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው።

6. ቲክቶክ ላይ ምን ልቅረጽ?

ዳንስ የግድ አይደለም። የምታውቁትን አስተምሩ። እውነተኛ ቆዳና ፕላስቲክ እንዴት ይለያል? ክረምት ላይ የረጠበ ጫማ እንዴት ይደርቃል? ሰፊ እግር ላለው ሰው የትኛው ቅርጽ ይሻላል? አዲስ ዕቃ የመጣበትን ካርቶን ስትከፍቱ ቅረጹ። ወሬው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ይጀምር፤ «ሰላም ተመልካቾቻችን» ብላችሁ ስታራዝሙ ሰውየው አልፏችሁ ሄዷል። በቪዲዮው ጽሑፍ ውስጥ ሰው ፈልጎ የሚጽፈውን ቃል አስገቡ፣ «የቆዳ ጫማ ፒያሳ» ዓይነት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም።

በሳምንት ሦስት ቪዲዮ ሳታቋርጡ ብትሠሩ በአንድ ቀን አሥር ለቅቃችሁ ወር ከመጥፋት ይሻላል።

7. ለጠየቀ ሰው ቶሎና በአክብሮት መልሱ

የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሁለት ሱቅም ጠይቋል። መጀመሪያ የመለሰው ይሸጣል። ስለዚህ የተለመዱትን መልሶች ጽፋችሁ አስቀምጡ፦ አድራሻ፣ ሰዓት፣ አከፋፈል፣ የሞተረኛ ዋጋ። መጀመሪያ የተጠየቃችሁትን መልሱ፤ ሌላው ይከተላል።

አጠራር ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ውዴ»፣ «የኔ ቆንጆ» ማለት ለአንዳንዱ ሞቅ ያለ ነው፤ ለእናታችሁ እኩያ ግን ድፍረት ነው። ማን እንደጻፈላችሁ አታውቁም። በ«እርስዎ» ጀምሩ። ደንበኛዋ «አንቺ» ካለቻችሁ ያኔ ቀለል በሉ።

«ያዝልኝ» ለሚል ደንበኛ ሕግ ይኑራችሁ። ለምሳሌ ያለ ቀብድ እስከ ነገ 6 ሰዓት፣ በቀብድ እስከ ሦስት ቀን። ሕጉን ቻናሉ ላይ ጻፉት፤ ለዘመድም ለባዳም አንድ ይሁን። ቅሬታ በአስተያየት መስጫው ላይ ቢመጣ አታጥፉት። «ጫማውን ይዘው ይምጡ፣ እንቀይራለን» ብላችሁ እዚያው በአደባባይ መልሱ፤ ከዚያም በእርግጥ ቀይሩ።

8. ክፍያ

የቴሌብር፣ የባንክና የሌላውን ሂሳብ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም አድርጉት። ሱቁ ሌላ ስም፣ ሂሳቡ ሌላ ስም ሲሆን ገዢው ይጠራጠራል፤ ልክም ነው።

እናንተም ተጠንቀቁ። «ልኬያለሁ» ብሎ የሚመጣ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ በቀላሉ ይሠራል። የመጣ የሚመስል ቴክስትም አይበቃም። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን ሳታዩ ዕቃ ለሞተረኛ አትስጡ። ገበያ በበዛበት ቅዳሜ ከሰዓት አታላዩ የሚመጣው ስለምትቸኩሉ ነው። ለሠራተኛችሁም «ሂሳቡን እስካይ ይጠብቁኝ» ማለት እንደማያሳፍር ንገሯት።

ፈቃድ ካለው አንድ ወይም ሁለት ሞተረኛ ጋር ተስማሙ። የማድረሻውን ዋጋ በሰፈር ከፋፍላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ ወይም ለእህቱ ዕቃ የሚያዝም ደንበኛ አለ፤ ሲደርስ የተቀባይዋን «ደርሶኛል» የሚል ድምፅ በፈቃዷ ላኩለት። ደግሞ ይመጣል።

9. ከበዓሉ ቀደም በሉ

ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ጳጉሜን ላይ መለጠፍ ዘግይቷል፤ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሩ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የሠርግ ጫማ የምትሸጡ ታኅሣሥ ላይ አሳዩ። ለኬክና ለምግብ ቤት የጾም ወራት ዝርዝሩን ሁሉ ይቀይራሉ። በዐቢይ ጾም የጾም ኬክ፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሆን ትእዛዝ። ከወሩ ውስጥም ደሞዝ ሰሞንን ያዙ፤ ውድ ያለውን ዕቃ ያኔ አውጡት።

10. ለማስታወቂያ የምትከፍሉ ከሆነ

በፊት ያለ ክፍያ ጥሩ የሸጠውን ፖስት ብቻ ቡስት አድርጉ፤ ማለትም ከፍላችሁ ለብዙ ሰው አድርሱት። ያልሸጠ ፖስት በገንዘብ አይሸጥም። ቦታውን ኢትዮጵያ ብላችሁ አትተዉት፤ አዲስ አበባን ምረጡ። ዓላማውንም ላይክ ሳይሆን መልእክት አድርጉት።

ፌስቡክ የሚቀበለው የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው በሌላ ሰው በኩል ያስደርጋል። ያ ሰው ፓስወርድ ከጠየቃችሁ አትስጡ። በገጹ ቅንብር ውስጥ ማስታወቂያ ብቻ የመሥራት ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ስንት ዶላር፣ ስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሲያልቅ ውጤቱን ከማስታወቂያ ገጹ ላይ ያሳያችሁ።

የቴሌግራም ተከታይ አትግዙ። 20,000 አባል ኖሮት በአንድ ፖስት 150 እይታ ያለው ቻናል ሲታይ ያስታውቃል። ለቲክቶከር ስትከፍሉም ተመልካቹ የት አገር እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ጠይቁ። ተመልካቹ ጅዳና ዋሽንግተን ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሱቅ የሚጠቅመው ትንሽ ነው።

11. በደብተር ቁጠሩ

ከእናንተ የገዛውን ሰው ሁሉ «የት አዩን?» በሉት። በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ይኑር፦ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ሰው ነግሮት፣ ሲያልፍ አይቶ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰረዝ። ወሩ ሲያልቅ ቁጠሩና ጊዜያችሁን ወደሚሸጠው አዙሩ። ላይኩ ብዙ ሆኖ ሰረዝ የሌለው ነገር ካለ ቀንሱት።

12. ሱቁ ቦታ ሲቀይር

መዘዋወራችሁን እንዳወቃችሁ ተናገሩ፤ እስክትገቡ አትጠብቁ። በቴሌግራም የተሰካውን መልእክት በአዲሱ አድራሻ ተኩት። በደብተሩ ላለ ደንበኛ ሁሉ ቴክስት ላኩ። አዲሱን የመንገድ ቪዲዮ ከድሮው ሱቅ በር ጀምራችሁ ቅረጹ፤ ነባር ደንበኛ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። የድሮውን የመንገድ ቪዲዮ ግን አውርዱት፤ ሰው ባዶ ሕንፃ ጋ እንዳይደርስ። የጎግል ካርታውንም በዚያው ቀን አስተካክሉ፤ ለሕንፃው ዘበኛም አዲሱን ስልክ ቁጥርና አድራሻ በወረቀት ተዉለት።